ከምርመራ በፊት ያሉ ሦስት ሳምንታት

በዚያ የየካቲት ማክሰኞ ጠዋት ኤይለርት ሶልበርግ ከቤቱ ሲወጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚዋሸው ሰው እንኳ አልነበረውም። ሚስቱ ቦርግሂልድ ልብሷን በሻንጣ ሸክፋ፣ ከባሕሩ ማዶ ባለው ከተማ ወደምትኖረው እህቷ ዘንድ ከሄደች አሥራ ሁለት ቀን ሆኗታል። ስለዚህ እንደ ሌላው ጊዜ «የሞተር ዘይት ልገዛ ነው» ማለት ሳያስፈልገው፣ ባዶውን ቤት ቆልፎ፣ መኪናውን አስነስቶ ወደ ደሴቲቱ ጀልባ ማቆሚያ ወረደ።

ኤይለርት የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በዓሣ አስጋሪ መርከቦች ሆድ ውስጥ ከሞተር ጋር ሲታገል የኖረ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ንግግሩ ያጠረ። ከሦስት ዓመት በፊት አንጀቱ ላይ ካንሰር ተገኝቶበት ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ስድስት ወር ኬሞ የሚሉትን መድኃኒት ወሰደ፤ ዳንክ ተባለ። ይሁን እንጂ ዳንክ የተባለ ሰው በየስድስት ወሩ እየተጠራ ደሙን ይሰጣል፣ ሲቲ ስካን ውስጥ ይገባል። የዛሬው አምስተኛው ነበር። ቀጠሮው ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ማዶ ባለው ሆስፒታል።

ይህን ከእርሱና ከሆስፒታሉ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቦርግሂልድም አታውቅም። ኬሞውን እንደጨረሰ «በቃህ፣ ሁለተኛ አትምጣ ብለውኛል» ብሏት ነበር። ያን ጊዜ ሊያሳርፋት ብሎ ነው። ውሸቱ ግን ማሳረፊያ አልሆነም። የሆስፒታሉ ፖስታ ከቀጠሮው ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይደርሳል፤ ኤይለርት ቀድሟት ከሳጥኑ ያወጣዋል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ምግብ አይወርድለትም። ቦርግሂልድ ማንኪያ ስታስቀምጥ የሚሰማው ድምፅ ያስቆጣዋል። ጀልባ ማስቀመጫው ጎጆ ገብቶ፣ ተገልብጦ ከተቀመጠው ጀልባው አጠገብ፣ ሥራ ሳይኖረው ቀኑን ይውላል። ሆዱን እየነካ እብጠት ይፈልጋል። ውጤቱ መጥቶ «ምንም የለም» ሲባል ደግሞ ሰው ይሆናል፤ አበባ ገዝቶ ይገባል፤ ስለ ምን እንደሆነ አይናገርም። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በአምስተኛው፣ ቦርግሂልድ ሾርባ አቅርባለት «ትንሽ እንኳ ቅመስ» ስትለው፣ «ተዪኝ! ፊትሽን ማየት ሰልችቶኛል!» አላት። አርባ አራት ዓመት አብራው የኖረች ሴት አንድ ቃል ሳትመልስ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደች።

መኪና የምታሻግረው የሁለት ሰዓቷ ጀልባ መጣች። መኪኖቹ ተራ በተራ ገቡ። አሳላፊው ለኤይለርት እጁን አወዛወዘለት፤ ኤይለርት መሪውን እንደጨበጠ አልተንቀሳቀሰም። አሳላፊው ደግሞ አወዛወዘ፤ ኤይለርት ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። ጀልባዋ ሄደች። የሦስት ሰዓቷን እጠብቃለሁ ብሎ ለራሱ ነገረው፤ እንደማይሄድ ግን ያውቅ ነበር። ከዚያ ነፋሱ በረታ፤ ማዕበሉ የማቆሚያውን ድንጋይ አልፎ አስፋልቱ ላይ ይረጭ ጀመር፤ ድምፅ ማጉያውም ነፋሱ እስኪበርድ ድረስ ጀልባ እንደማይኖር አስታወቀ። ኤይለርት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እርሱ ሊቆርጠው ያልቻለውን ነገር ነፋሱ ቆረጠለት።

እንዲሞቀው ወደ መጠበቂያው ክፍል ገባ። ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ካንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተመላለሰች ነበር። ያውቃታል፤ የደሴቲቱ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፣ ቲሪል ትባላለች፣ ከደቡብ ከመጣች ሁለት ዓመት ይሆናታል። ሰላም ከመባባል በቀር ግን ተነጋግረው አያውቁም።

«ጀልባዋ መቼ የምትነሳ ይመስልዎታል?» አለችው ገና ከመቀመጡ።

«ይኼ ነፋስ ዛሬ የሚለቅ አይደለም» አለ ኤይለርት፤ ደስ ማለቱን መደበቅ አልቻለም። «ቤትሽ ግቢና ትኩስ ነገር ጠጪ።»

«አይሆንም። ዛሬ የግድ መሻገር አለብኝ።»

«ምን አስቸኮለሽ? ተማሪዎችሽ እዚህ ናቸው።»

«ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ። ሲቲ ስካን። ከሦስት ዓመት በፊት የሊምፍ ካንሰር ነበረብኝ፤ ዛሬ ተመልሶ እንደሆነ ያዩልኛል።»

ይህን ያለችው ዳቦ ልገዛ ነው እንደሚል ሰው ነው። ኤይለርት አንገቱ ድረስ ቀላ። እኛ በዚህ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች ዝምታን እንደ ደግ ምግባር ቆጥረን አድገናል። ስለ አየሩ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ መንገዱ እናወራለን፤ ስለ ሆዳችን አናወራም። ልጅቱ ያደረገችው በኤይለርት ዓይን ሰው ፊት ልብስ ከማውለቅ አይተናነስም ነበር።

«እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ይነገራል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለማንም አልነገርኩም፤ ለእርስዎ ነው የነገርኩት።»

«ለምን ለእኔ?»

ቲሪል ወደ ደረቱ ኪስ በአገጯ አመለከተች። የፖስታው ጫፍ ወጥቶ፣ የሆስፒታሉ ምልክት ይታይ ነበር። ከቦርሳዋ ተመሳሳይ ፖስታ አውጥታ ጭኗ ላይ አደረገችና አጠገቡ ተቀመጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደግሞ ከቁልቁለቱ ስወርድ አንድ መኪና ብቻ ጥላ የሄደች ጀልባ አይቻለሁ። የእርስዎ መኪና ነበረች።»

ኤይለርት ተነስቶ ሊወጣ አሰበ። ነፋሱ ግን ውጭ ሰው የሚያስቆም አልነበረም።

«ምን አገባሽ?» አለ።

«አያገባኝም። ግን ሁለታችንም እዚህ ታግተናል፤ እኔ ደግሞ ዝም ካልኩ ልጮህ ነው። ስለዚህ ያናግሩኝ። ስንተኛዎ ነው?»

«አምስተኛ።»

«እስካሁን ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ቀሩ?»

ኤይለርት ሞተር ሲያበላሹ እንዳየ ሰው በቁጣ ጀመረ። «ስሚ፣ አስተማሪዋ። ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ማሽኑ ውስጥ ስለገባሁ አይጠፋ፣ ስላልገባሁ አይመጣ። አራት ጊዜ ገባሁ። አራት ጊዜ ሦስት ሦስት ሳምንት ሞትኩ፤ ከዚያም ውጤቱ እስኪመጣ ስምንት ስምንት ቀን ደግሞ ሞትኩ። ደምሪው፤ አስተማሪ አይደለሽም? ከበሽታው ይልቅ ምርመራው ነው የገደለኝ። ባልሄድ ያ ሁሉ ጊዜ ይተርፈኛል።»

«ሳይሄዱ ቢቀሩ ፍርሃቱ የሚቀር ይመስልዎታል?»

«አዎ።»

«እኔ አንድ ጊዜ ቀርቼ አይቼዋለሁ። አምና በበጋ። ቀጠሮውን ሰረዝኩና ወደ ተራራ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን እንደ ሰርግ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ፍርሃቱ ማብቂያ ቀን አጣ። ድሮ የሚያበቃበት ቀን ነበረው፤ ውጤቱ የሚመጣበት። አሁን እያንዳንዱ ሳል፣ እያንዳንዱ ላብ ምርመራ ሆነብኝ፤ የሚመልስልኝ ሐኪምም የለም። ሰባት ሳምንት ችዬ እኔው ራሴ ደወልኩላቸው።»

ኤይለርት ሌላ መንገድ ያዘ። «አባቴ ሆዱን ታሞ ነው የሞተው። አንድ ቀን አመመኝ አላለም። እስከ መጨረሻው ሳምንት መረብ ይጎትት ነበር። በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ምን አለ መሰለሽ? ‹አንዴም አላማረረም› አለ። ሰው ማለት እንዲያ ነው። የዛሬ ልጆች ግን ትንሽ ነገር በተሰማችሁ ቁጥር ለዓለም ታወራላችሁ።»

«እናትዎስ ምን አሉ?»

«እናቴ?»

«አዎ። ቀባሪው ያለውን ነገሩኝ። እናትዎ ምን አሉ?»

እናቱ ከቀብሩ በኋላ ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ የተናገረችው ነገር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ወጥቶ ነበር። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አንስቶት አያውቅም።

«‹ሰባት ወር አጠገቤ ተኝቶ ሲሞት ሳይነግረኝ፤ ምን አድርጌው ነው?› አለች» አለ በመጨረሻ።

ነፋሱ በሩን እየገፋ ይመልሰዋል።

«ሚስት አለዎት አይደል?» አለች ቲሪል።

«ነበረችኝ። እህቷ ዘንድ ናት። እኔ ነኝ ያባረርኳት።» ከዚያም፣ ለምን እንደሆነ ራሱም ሳያውቅ፣ ሁሉንም ነገራት፤ ውሸቱን፣ ፖስታውን፣ ሾርባውን። ንግግሩ እንደ ዛገ ቧንቧ ውኃ እየተቆራረጠ ነበር የሚወጣው።

«ስለዚህ ቦርግሂልድ» አለች ቲሪል ቀስ ብላ፣ «በየስድስት ወሩ አንድ ጊዜ የሚጠላት ባል ነው ያላት። ለምን እንደሚጠላት ሳታውቅ።»

«አልጠላትም!»

«በምን ታውቃለች?»

ኤይለርት በትልልቅ መዳፎቹ ፊቱን ሸፈነ።

አንድ ነገር እዚህ መናገር ይገባል። ፍርሃቱ የኤይለርት ብቻ የሆነ ድክመት አይደለም። ከካንሰር የተረፉ ብዙ ሰዎች፣ ጎበዙም ሰነፉም፣ የምርመራው ቀን ሲቀርብ ይህንኑ ያያሉ፤ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ሰው ያስጠላል፣ ሰውነት በጠላትነት ይጠረጠራል። ኤይለርት ግን ይህን የሚነግረው ሰው ስላልነበረ፣ በዓለም ላይ ብቻውን ፈሪ የሆነ መስሎት ነበር የኖረው። ከፍርሃቱ ይልቅ በፍርሃቱ ማፈሩ ነበር የበለጠ የጎዳው።

«ሆስፒታሉ ውስጥ ለዚሁ ጉዳይ የተመደበች ነርስ አለች» አለች ቲሪል። «ከካንሰር ለተረፍነው ኮርስ ሰጥታናለች። ልንገርዎት? ቢፈልጉ ይሳቁብኝ።»

«ንገሪኝ፤ ነፋሱ እንደሆነ አይቸኩልም።»

«አንደኛ፣ ለጭንቀቱ ሰዓት መስጠት። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ። ቁጭ ብዬ የምፈራውን ሁሉ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። በሌላ ሰዓት ሲመጣ ‹ሰዓትህ አልደረሰም› እለዋለሁ።»

ኤይለርት በዚያ ሁሉ መሀል ሳቀ። «ፍርሃት ላም ነው እንዴ፣ በሰዓቱ የሚታለብ?»

«ካልታለበችም ቀኑን ሙሉ ትጮሃለች» አለች እርሷም ፈገግ ብላ። «ሁለተኛ፣ ውጤቱ የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ፤ በስልክ ነው ወይስ በአካል፣ ማን ነው የሚነግረኝ፣ ይህን ሁሉ። እርስዎ ስምንት ቀን ሲጠብቁ ስምንቱንም ቀን ስልኩን ሲያዩ ነበር አይደል?»

«ሽንት ቤት ይዤው እገባ ነበር።»

«እኔ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት እንደሚደወልልኝ አውቃለሁ፤ እስከዚያ ስልኬ ቢጮህ እናቴ ናት። ሦስተኛ፣ ከማሽኑ እንደወጡ የሚሄዱበት ቦታ ማዘጋጀት፤ ትንሽ ነገርም ቢሆን። ዋናው ግን ይኼ ሁሉ አይደለም። ዋናው፣ አንድ ሰው ማወቅ አለበት። አንድ። ዓለም አይደለም፤ ጋዜጣ ላይ ውጣ ያለዎት የለም።»

ኤይለርት የሞተር ሰው ነው፤ አንድ ነገር በትክክል ሲዞርና ሲንቀጠቀጥ ይለያል። የቲሪል እጆች ፖስታው ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«ቆይ እስቲ» አለ። «ይኼን ሁሉ ታውቂያለሽ። ታዲያ ምነው ትንቀጠቀጫለሽ?»

ቲሪል እጆቿን ብብቷ ውስጥ ደበቀች።

«ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ አስታወከኝ» አለች።

«ትናንትስ?»

«ትናንት ተማሪዎቼ ፊት ስለ ወንዞች እያስተማርኩ አለቀስኩ። ጉንፋን ነው አልኳቸው።»

«እንግዲያ ትምህርትሽ አይሠራም!» አለ ኤይለርት፤ ግን በድል አልነበረም የተናገረው። ድምፁ ውስጥ ሐዘን ነበር፤ ሳያስበው ተስፋ አድርጎ ኖሯል።

«ፍርሃቱን ያጠፋል ብዬ አልነገርኩዎትም። አያጠፋውም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እስከ ስድሳ ብኖር እንኳ እፈራለሁ። ይህን ሳስበው አንዳንድ ቀን ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል።» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ግን እዚህ አድርሶኛል። ፈርቼ፣ አስታውኬ፣ እዚህ ነኝ። እርስዎም ፈርተዋል፤ እርስዎ ግን ጀልባዋን አሳለፏት። በእኔና በእርስዎ መካከል ያለው ልዩነት ይኼው ነው፤ ሌላ የለም።»

ኤይለርት ኪሱን ዳበሰና መሐረብ አውጥቶ ሰጣት። ከዚህ የበለጠ ምን እንደሚደረግ አላወቀም።

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ድምፅ ማጉያው ነፋሱ እየበረደ መሆኑን፣ የአምስት ሰዓቷ ጀልባ እንደምትነሳ አስታወቀ። ቲሪል ወዲያው ሆስፒታሉ ጋ ደወለች። ዘግይታ እንደምትደርስ ነገረቻቸው፤ ከዚያ ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ ኤይለርት ዞረች። «የእርስዎንም ልንገራቸው?»

መስኮቱን አየ። መኪናውን አየ። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነበር፤ ማንም አይይዘውም።

«ንገሪያቸው» አለ።

ከዚያ ወደ ጥጉ ሄዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩን አወጣ። ቦርግሂልድ ወዲያው አላነሳችም።

«ምንድን ነው?» አለች ስልኩ ብዙ ከጮኸ በኋላ።

«እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ምን ፈለግህ?»

«ሆስፒታል ልሄድ ነው። ጀልባ ማቆሚያው ነኝ። ምርመራ አለኝ … አልጨረሱም ነበር፣ ቦርግሂልድ። በየስድስት ወሩ ነው የሚያዩኝ። ዋሸሁሽ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ስንት ጊዜ ሄድክ?»

«አራት።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«እና ያ ሁሉ … ጎጆው ውስጥ መዋሉ፣ ምግቡ፣ ጩኸቱ …»

«ፈርቼ ነው።»

ቦርግሂልድ ማልቀስ ጀመረች፤ ግን የርኅራኄ ልቅሶ ብቻ አልነበረም። «አንተ ጨካኝ ሰውዬ! ሁለት ዓመት ሙሉ ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ ራሴን ስመረምር! እዚህ ለእህቴ ሌላ ሴት ሳይኖረው አይቀርም ብያታለሁ እኮ! በሰባ ሁለት ዓመቱ!»

«ሌላ ሴት?» አለ ኤይለርት ደንግጦ። «እኔን ማን ይፈልገኛል?»

«ማንም አይፈልግህም!» አለች። አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማው። «ስንት ሰዓት ነው የምትደርሰው?»

ቦርግሂልድን ስካን ክፍሉ በር ላይ ስትጠብቀው አገኛት። አላቀፈችውም፤ ገና አልወጣላትም ነበር። ኮቱን ተቀብላው ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ኤይለርት ማሽኑ ውስጥ ሆኖ «ትንፋሽ ይያዙ» ሲባል ያው እንደ በፊቱ ልቡ እንደ መዶሻ ደበደበው፤ ምንም የቀለለ ነገር አልነበረም። ሲወጣ ግን ኮቱን የያዘለት ሰው ነበር። እየወጡ ሳለ ቲሪል በተራዋ ስትገባ አዩዋት፤ ኤይለርት እጁን አነሳላት።

ቦርግሂልድ በማግስቱ አብራው ተመለሰች። ውጤቱ በስምንተኛው ቀን፣ በአካል፣ በዶክተሯ ቢሮ እንደሚነገር ነርሷን ጠይቃ አስጽፋለች። ስምንቱ ቀን ክፉ ነበር። ሁለት ጊዜ ተጣሉ፤ አንድ ጊዜ ስለ ሁለት ዓመቱ ውሸት፣ አንድ ጊዜ ስለ ምንም። ከምሳ በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ ነበር፤ እርሱ የሚፈራውን ይናገራል፣ እርሷ ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ የእርሷንም ከሥሩ ትጨምራለች። ኤይለርት የእርሷ ዝርዝር ከእርሱ እንደሚረዝም ሲያይ ተገረመ።

በስምንተኛው ቀን ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እነርሱ አቀረበች። በዚያው አወቁ።

«ጉበትዎ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር አለ» አለች። «አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር። ከአንጀቱ የመጣ ይመስለናል።»

ኤይለርት ከዚያ በኋላ የሰማው ነገር የለም። የዶክተሯን አፍ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ጆሮው ውስጥ ግን የሞተር ክፍል ጩኸት ነበር። ቦርግሂልድ ደብተሯን ገልጣ ስትጠይቅ ብቻ በሩቁ ሰማ፤ «አንድ ብቻ ነው? ማውጣት ይቻላል? መቼ? ማን ነው የሚያደርገው?» ብቻውን መጥቶ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ክፍል «ጉበት» ከሚለው ቃል በቀር ይዞት የሚወጣው አልነበረም።

ቀዶ ጥገናው ለመጋቢት አጋማሽ ተቀጠረ። ከዚያ በፊት አንድ እሑድ ከሰዓት ቲሪል መጣች፤ ወሬው ደርሷት ነበር። በሩ ላይ ቆማ መግባት አቃታት።

«ግቢ እንጂ» አለ ኤይለርት።

«ይቅርታ» አለች። «እኔ ባልለፈልፍ ኖሮ … ቢያንስ ይህን በጋ ሳያውቁ ይኖሩ ነበር። ያንን ሁሉ ምክር ሰጥቼዎት፣ የፈሩት ነገር እውነት ሆነ። ምን ጠቀመዎት?»

አስቀመጣት። ቦርግሂልድ ዋፍል የሚባል ቀጭን ኬክና ቡናማ አይብ አቀረበች፤ ማንም አልነካውም።

«መጀመሪያ ያንቺን ንገሪኝ» አለ። «ደወሉልሽ?»

ቲሪል አንገቷን አቀረቀረች።

«ንገሪኝ ነው ያልኩሽ።»

«ምንም የለም አሉኝ» አለች፣ በደል እንደሠራ ሰው።

ኤይለርት ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ይኼንን ነው የምትደብቂኝ? ተመስገን በይ እንጂ!» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ለእርሷ ይሁን ለራሱ ለማወቅ ይቸግራል። «አሁን ስሚኝ፤ የጠየቅሽውን ልመልስልሽ። ምን ጠቀመህ አልሽ። ቀርቼ ቢሆን ያ ነገር አሁንም ጉበቴ ውስጥ ነበር፤ እኔ ሳላውቅ ያድግ ነበር። ዶክተሯ ትንሽ ሆኖ ስለተገኘ ነው መቁረጥ የሚቻለው ብላለች። ይኼ አንድ። ይድናል አላለችም፤ እኔም እድናለሁ ብዬ አላወራም። ግን ባልድንስ? ቦርግሂልድ ኩሽና ውስጥ ቆማ ‹ምን አድርጌው ነው› አትልም። እኔ የአባቴን ቀብር አልፈልግም። ሰው ‹አንዴም አላማረረም› እንዲልልኝ አልፈልግም። አማርሬያለሁ፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ አማርሬያለሁ፣ ጠይቂያት።»

«ጆሮዬን አሳመመኝ» አለች ቦርግሂልድ።

«እና አስተማሪዋ፣ ሌላም ሰው ጀልባ ሲያሳልፍ ብታዪ፣ ሂጂና አጠገቡ ተቀመጪ። እንዳትተዪው።»

የጉበቱ ቁራጭ ወጣ። ኤይለርት አሥራ አራት ኪሎ ቀንሶ፣ በትር ይዞ ወደ ደሴቲቱ ተመለሰ። ንጹሕ ነው የሚል ቃል ማንም አልሰጠውም፤ የተሰጠው ሌላ ቀጠሮ ነው፣ አሁን በየሦስት ወሩ። የሰኔው ፖስታ ሲደርስ ቦርግሂልድ ከሳጥኑ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለቱ ሳህኖች መካከል አስቀመጠችው። ያን ቀን የተቀቀለ ዓሣና ድንች ነበር። ኤይለርት ሹካውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ቦርግሂልድም እንዲሁ።

«እፈራለሁ» አለ።

«እኔም» አለች።

ዓሣው እዚያው ቀዘቀዘ። ሁለቱም ሳይበሉ ሳህኑን አነሱት፤ ለምን እንዳልበሉ ግን በዚህ ጊዜ ሁለቱም ያውቁ ነበር።